ምንም እንዳይነካ

ሰኔ 18 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ዓይንዎ ተሽሎት፣ ፊደሉን ያለ ሰው እርዳታ የሚያነቡበት ቀን እንዲሆን እመኛለሁ። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ደብዳቤ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

የኢንሹራንሱ ገማች ምን አይቶ እንደሄደ ሳልደብቅ እንድጽፍልዎ አዝዘውኛል። ብዕሩን ደጋግሜ አንስቼ ደጋግሜ አስቀምጫለሁ። ለሕክምና ወደ ልጅዎ ሲሄዱ ቤቱን አደራ ያሉኝ ሌባ እንዳይገባ ነበር፤ ነፋስ እንዳይገባ አላሉኝም። ቢሆንም ጥፋቱን ከራሴ ላይ ለማውረድ አልሞክርም።

ዐውሎ ነፋሱ የመኝታ ቤትዎንና የመካከለኛውን ክፍል ቆርቆሮ ገንጥሎ እንደወሰደው ባለፈው ጽፌልዎታለሁ። ገማች ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሞላው። ከመጡት መካከል በእርስዎ እጅ ያልተወለደ፣ ወይም በእርስዎ እጅ ያልተገላገለች አልነበረም። የአዋላጃችን ቤት እንዲህ ተዘርክርኮ ባዳ አያየውም፣ ገበናዋ ነው አሉ። የወደቀውን ኮርኒስ ተሸክመው ከአጥር ጀርባ ጣሉት። ወለሉን አጠቡ። ሰማዩ እንዳይታይ ከቀዳዳው ሥር ነጭ አቡጀዴ ወጥረው ቸነከሩ፤ እውነቱን ለመናገር ከድሮው ኮርኒስ ይልቅ ያምር ነበር። መኝታ ቤትዎ ግን በአቡጀዴም የሚሸፈን ስላልነበረ ቆለፍነው።

ገማቹ ትሑት ሰው ነው። እጄን ጨብጦ እንዴት ከረማችሁ አለኝ። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ቤቱስ አለ። ቤቱም ደህና ነው አልኩ። ምን ልበል እትዬ? ሰው ገና ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰላም ሲል መከራን ፊቱ ላይ መዘርገፍ ነውር ነው እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ። ዋናው ጥያቄ በኋላ ይመጣል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ለካ ዋናው ጥያቄ እሱ ኖሯል። ወደ ተቆለፈው በር ሲያመለክት የእትዬ መኝታ ነው አልኩት፤ አክብሮ አለፈው። ከፊት በኩል የተነሱትን ጥቂት ቆርቆሮዎች ፎቶ አንስቶ፣ ነዋሪው ቤቱ በደህና ሁኔታ ላይ መሆኑን ገልጿል ብሎ ጻፈና አስፈረመኝ። ከመፈረሜ በፊት አንብቤዋለሁ። የተጻፈው እኔው ያልኩት ስለሆነ በምን እንደምቃወመው አላወቅሁም።

ስለዚህ ለእነሱ የተነካው የፊት ለፊቱ ጠርዝ ብቻ ነው። የቀረውን ዐውሎ ነፋሱና እኛ ብቻ እናውቃለን። ምን እንደማደርግ እስኪያዝዙኝ ድረስ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። ይቅርታዎን ከመለመን አላቋርጥም።

አክባሪዎ፣
ቤት ጠባቂዎ

ሰኔ 29 ቀን

ለአቶ ስጋት፣

እንደምን ሰነበትክ? ፊደሌ እንደ ዝሆን ገዝፎ ብታየው አትደንግጥ፤ በአንድ ዓይኔ ነው የምጽፈው፤ ሌላውን ሐኪሙ እስኪፈታልኝ እጠብቃለሁ። የይቅርታህን ብዛት ቆርቆሮ ቢያደርጉት ኖሮ ቤቱን ከድኖ ይተርፍ ነበር። ከእንግዲህ ይበቃል።

አርባ ዓመት ስሠራ ምጥ የያዛትን ሴት እንዴት ነሽ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሁሉም ጥርሳቸውን ነክሰው ደህና ነኝ ነው የሚሉት። እኔ የማየው የአልጋውን ብረት የጨበጡበትን እጅ ነበር። ያ ሰውዬ አፍህን ጠይቆ ሄደ። ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው፤ የሚበልጠው ግን የእሱ ነው፤ ለማየት ደሞዝ የሚከፈለው እሱ ነዋ። ጎረቤቶቹንም አትቆጣቸው። እኔም እዚያ ብኖር አቡጀዴውን የምወጥረው እኔ ነበርኩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም አቤቱታ ጽፌ ልኬያለሁ። መልሳቸው መጣ። ሌላ ገማች ይልካሉ፤ መቼ እንደሆነ አልጻፉም። እስከዚያ ምንም እንዳይነካ፤ አንድ ሚስማር እንዳይጨመር፣ አንድ ሚስማር እንዳይነቀል። ቤቱም ሰው አልባ እንዳይሆን፤ ባዶ ሆኖ ከተገኘ አቤቱታው ይወድቃል። ይህን የምትፈርምበት ወረቀት አብሮ አለ፤ ፈርመህ መልስላቸው። እኔ ስመለስ ወደ እናትህ ትሄዳለህ ብዬህ ነበር። አልረሳሁትም። ግን ጣራ ወደሌለው ቤት ልጄም አትሸኘኝ፣ አንተም ሳልመጣ መውጣት አትችል። ትንሽ ታገሥ።

ስለ እኔ አታስብ፣ ተመችቶኛል። ክፍሌ መስኮት ስለሌላት የመንገድ ጫጫታ አይገባባትም። ልጄና ባሏ እንደ እንቁላል ይዘውኛል።

እትዬህ

ሐምሌ 11 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

የዓይንዎ መጠቅለያ እንደተፈታ ከመንገደኛ በመስማቴ ያደረብኝን ደስታ እገልጽ ዘንድ ቃል ቢያጥረኝም፣ ደስ ብሎኛል።

የምተኛው ማድቤት ነው። ይህን ሲያነቡ እንዳያዝኑ፤ ማድቤቱ ጣራው አልተነካም፤ ምድጃውም ግድግዳውን ያሞቀዋል። ወደ ኢንሹራንሱም ከሱቁ ስልክ ደውያለሁ። ያነጋገረችኝ ልጅ ምንም እንዳልነካ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። ቀጥላም ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል የባለንብረቱ ግዴታ ነው አለችኝ። ሳልነካ እንዴት ልከላከል ብዬ በትሕትና ጠየቅኋት። እሱ ለእናንተ የተተወ ነው ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። አቡጀዴውን ዝናቡ ስለጣለው፣ ሰማዩ ሲጠቁር ላስቲክ አወጣና ከግድግዳ ግድግዳ በገመድ እወጥራለሁ። ዝናቡ ሲያባራ አወርደዋለሁ። የማወርደው አዲሱ ገማች ድንገት መጥቶ ላስቲኩን ቢያይ ቤቱ የተሸፈነ ነው ብሎ እንዳይጽፍ ነው። ባለፈው ያሳየሁትን ንጽሕና በድጋሚ እንዳላሳይ አጥብቄ እጠነቀቃለሁ። ወለሉን አልጠርግም። ሰሞኑን ነፋስ የሰበረው የመስኮት ስባሪ በወደቀበት አለ፤ ስሻገረው እግሬን አንስቼ ነው። ከአጥር ጀርባ የተጣለውን ኮርኒስ መልሼ ወደ ውስጥ ላስገባው ወይስ ይቅር? ማስገባቱ ማታለል እንዳይሆን ፈራሁ፤ አለማስገባቱም ሌላው ማታለል እንዳይሆን እፈራለሁ። አስበው ይዘዙኝ።

አናጺው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያየኝ ይውላል። ቤት ጠባቂ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ቀዳዳ ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረ ግን አንተን ብቻ አየሁ ይለኛል። ትናንት ደግሞ ግድግዳውን ሁለቴ በርግጫ ብዬ ላግዝህና ገማቹ ሲመጣ አዝኖ ይሂድ አለ። እየቀለደ መሆኑን እያወቅሁም ሌሊቱን በሩን ቆልፌ አደርኩ።

እናቴ በመጣ መንገደኛ ሁሉ መቼ ነው የምትመጣው ብላ ትልክብኛለች። በቅርቡ እያልኩ እመልሳለሁ። ከሱቁ አልፌ ከሄድኩ ብዙ ሆነኝ፤ ስሄድም ገማቹ በሌለሁበት የመጣ እየመሰለኝ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ሰው በግድግዳ ይታሰራል፤ እኔ በቀዳዳ ታሰርኩ። ይህን ቃል ለምሬት እንዳይቆጥሩብኝ።

አክባሪዎ፣
ቤት ጠባቂዎ

ሐምሌ 22 ቀን

ለአቶ ስጋት፣

ኮርኒሱ ባለበት ይቀመጥ። ገማቹ ሲመጣ አጥሩን አሻግረህ ታሳየዋለህ፤ ያ ማታለል አይባልም።

ሕክምናው መች ያልቃል እያልክ እንደምታስብ አውቃለሁ። ሐኪሙ ከለቀቀኝ ቆይቷል። ሳልነግርህ የቀረሁት እዚያ ሆነህ የኔን እዚህ መቀመጥ እያሰብክ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አሁን ዓይኔ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ማየት የማልፈልገውንም ያሳየኛል።

እዚህ ክፉ የሚያደርገኝ የለም። ክፉ ቢያደርጉኝ ተጣልቼ እወጣ ነበር። መጥረጊያ ሳነሳ ከእጄ ይቀበሉኛል። ወጥ ልሥራ ስል አንቺ አረፍ በይ ይሉኛል። ወደ በሩ ስሄድ የት ነው ይላሉ፤ ብቻዬን እንዳልወጣ ጫማዬን ከቁም ሣጥኑ በላይ አስቀመጡት። የልጄ ባል የኢንሹራንሱን ጉዳይ እኔ ልከታተልልሽ፣ ውክልና ስጪኝ፣ ለምን ትደክሚያለሽ ይለኛል። እራት በቀረበ ቁጥር ይህንኑ ያነሳል፤ ድምፁን ግን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እስካሁን ብዕሩ አልጽፍ አለኝ እያልኩ አሳልፌያለሁ። ሰሞኑን ለሥራ ጉዳይ መንገድ ስለሄደ እራቱን በሰላም እየበላሁ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። መኝታ ቤቴን ክፈተው፤ ግባበት፤ ግድግዳው ቆሟል ወይ? ለገማቹ እንደመለስክለት እንዳትመልስልኝ። እኔ በር ላይ የቆምኩ እንግዳ አይደለሁም።

እትዬህ

ነሐሴ 3 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

በትእዛዝዎ መሠረት የመኝታ ቤትዎን በር ከፍቻለሁ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ስላበጠ በትከሻዬ ገፍቼ ነው የገባሁት፤ ስገፋው ምናልባት መንካት ይባልብን ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ።

ደህና አይደለንም እትዬ። ይህን ለመጻፍ አንድ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ግድግዳው ቆሟል፤ ነገር ግን በአልጋዎ ራስጌ በኩል ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እጄን እስከ አንጓዬ ያስገባል። ቁም ሣጥኑ አብጦ አይከፈትም። ፍራሹ ላይ ቀጭን ሣር በቅሏል። የአዋላጅነት ነጭ ካፖርትዎ ግን በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ስለነበር ብዙም አልረጠበ፤ እሱን አውጥቼ ማድቤት ሰቅዬዋለሁ። አንድ ዕቃ በመንካቴ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ላስቲኩም ተቀዷል። በየቀኑ ሲወጠርና ሲወርድ እንኳን ላስቲክ ሰውም ይቀደዳል።

ኢንሹራንሱን በድጋሚ ጠይቄያለሁ። መዝገቡ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሯል፣ ገማቹም መዝገቡን ተከትሎ ይመጣል ብለውኛል።

ከዚህ በታች ያለውን ልጻፍ ወይስ ልተው ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። አማችዎ እዚህ መጥተው ነበር። ለሥራ ጉዳይ የሄዱት ወደዚህ ኖሯል። አብሯቸው ኮፍያ ያደረገ ሰው ነበር፤ ወደ ቤቱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ግቢውን ከአጥር አጥር በእርምጃ ለካ። ውኃ አቀረብኩ፤ ስለ ጤናዎ ጠየቅኋቸው፤ ሰላም ብላሃለች አሉኝ። እርስዎ ግን እንደማያውቁ ገባኝ። ሲወጡ ግድግዳው እየተሰነጠቀ ነው፣ ኢንሹራንሱን ያጣድፉልን አልኳቸው። እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣

«አትጨነቅ። መሬት ለሚገዛ ሰው ቤቱ ማፍረሻ ወጪ ነው። ራሱ ከወደቀ ወጪው ይቀንሳል» አሉኝ።

በቁጣ አልተናገሩትም። እንደ ምክር ነው የተናገሩት። ውክልናውን እንደሚያገኙ፣ ገንዘቡም ቢመጣ በእሱ እንደሚቀበሉትና እርስዎ ከእንግዲህ ብቻዎን መኖር እንደማይችሉ አስረዱኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ በር ከፈትኩላቸው። ሌላ ምን ማድረግ እችል እንደነበር እስካሁን አላወቅሁም። ነገር በማቀበል በቤተሰብ መካከል ጠብ የዘራሁ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ።

አክባሪዎ፣
ቤት ጠባቂዎ

ነሐሴ 12 ቀን

ለአቶ ስጋት፣

ነገር አላቀበልክም፤ ዓይኔን ሁለተኛ ጊዜ ፈታህልኝ እንጂ።

ልጄን ጠየቅኋት። አለቀሰች፤ ለአንቺ ብለን ነው አለች። አምናታለሁ። ለእኔ ብለው መሆኑ ነው የከፋው።

ሳስበው ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ ቤቱ ይፈርስና መሬቱ ይሸጣል። እሺ ካለ ውክልናውን ሳያስፈርሙኝ አይተዉኝም፤ ገንዘቡ በልጄ ባል እጅ ያልፍና መሬቱ ይሸጣል። እኔም አንተም የምንጠብቀው መልስ በየትኛውም በኩል ቢመጣ እኔን ወደ ቤቴ አያስገባኝም። ላም አለኝ በሰማይ እያልን ክረምቱን ጨረስነው።

ክደነው። አንዲት ክፍል ብቻ፤ አልጋ የምትይዝ። አቤቱታው ከወደቀ ይውደቅ። እንዴት ተነካ የሚል ከመጣ ባለቤቷ አዝዛኝ ነው በል፤ ይህንንም ደብዳቤ አሳይ። ለአናጺው ደግሞ እንዲህ በለው፤ በእግሩ ነው የተወለደው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ በተቃራኒ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ የተባለውን ያድርግ።

እኔ ጫማዬን አውርጃለሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ። ክፍሏ ስትከደን ጻፍልኝ።

እትዬህ

ነሐሴ 26 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ክደነው ያሉኝን በአንድ ጊዜ እንዳልፈጸምኩ አስቀድመው ይወቁልኝ። ደብዳቤዎን ለአናጺው ሳላነብለት ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ምንም እንዳልነካ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ፤ የፈረመ ሰው በፊርማው የታሰረ ነው እያልኩ ራሴን አስፈራራሁ። በመጨረሻ ያነበብኩለት ደፍሬ አይደለም። አንድ ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ላስቲኩን ላወርድ ስነሳ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነው።

አናጺው ስለ አወላለዱ የጻፉትን ሁለቴ አስነበበኝ። ኋላም እትዬ ይህን ምሥጢር ዕድሜ ልካቸውን አፍነው የያዙት ያለ ዋጋ ሊያሠሩኝ ኖሯል ብሎ መሰላሉን ሊያመጣ ሄደ።

ቆርቆሮው ከየት ተገኘ ለሚሉት፣ ነፋሱ በየሜዳው የበተነውን ጎረቤቱ ለቅሞ መለሰ። አንዷ የዶሮ ቤት ከድናበት ኖሮ ዶሮዎቿን አስወጥታ አመጣችው። የታጠፈውን በድንጋይ ላይ በመዶሻ አቃናነው። መኝታ ቤትዎን ግን ተውነው፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ ጣራ እንደማይሸከም አናጺው ነግሮኛል። የከደንነው የመካከለኛውን ክፍል ነው።

እኩሌታው እንደተመታ በሩ ተንኳኳ። አዲሷ ገማች ነበረች። ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኋት ሰው፣ በማይጠበቅባት ሰዓት። ምንም አልጠየቀችኝም። ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ መኝታ ቤት ገብታ ጣቶቿን ስንጥቁ ውስጥ አስገባች፤ ከአጥሩ ጀርባ ኮርኒሱን አየች። አስተዋይ ሴት ናት እትዬ። እሷ በመጀመሪያ መጥታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ጉዳቱ እውነት ነው፤ ግን ይህን እያየሁ ከሄድኩ ተጠግኗል ብዬ መጻፍ ግዴታዬ ነው። የመታችሁትን ንቀሉት። እስኪመሽ ሱቁ ጋ ሻይ እየጠጣሁ እቆያለሁ፤ ስመለስ ያየሁትን እጽፋለሁ» አለችኝ።

ውሳኔው መቼ ይደርሳል ብዬ ጠየቅኋት። ልታታልለኝ አልፈለገችም። ከክረምቱ በኋላም ሊቆይ ይችላል፣ እስከዚያ ሁሉም እንዳለ ይቆያል፣ አንተም ከዚህ አትወጣም አለችኝ። እርስዎን ለመጠየቅ ደብዳቤ ልኬ መልስ የምጠብቅበት ጊዜ አልነበረም። ሁሉን ነገር ሰው አዝዞኝ የምሠራ ሰው መሆኔን እርስዎም ያውቃሉ።

አናጺው ጣራው ላይ ተቀምጦ ሚስማሩን በሁለት ጣቱ ይዟል። መዶሻውን አንስቶ ቁልቁል አየኝ። ያን ዕለት አልቀለደብኝም።

«ልንቀል ወይስ ልምታ?» አለኝ።

«ምታው» አልኩት።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። ገማቿ ቦርሳዋን ዘጋች። አልተቆጣችም። በባለንብረቷ ፈቃድ ተጠግኗል፣ አቤቱታው ተዘግቷል ብላ ጻፈችና ለፊርማ አቀበለችኝ። አንብቤ ፈረምኩ። ስትወጣ መዶሻው እየመታ ነበር።

ዛሬ የሚከተለውን ላስታውቅዎ እችላለሁ። አልጋዎ በመካከለኛው ክፍል ተዘርግቷል፤ ፍራሹን ለውጠን በጎረቤት የተሰጠ ደረቅ ፍራሽ አድርገንበታል። ወለሉን ጠርጌዋለሁ። ከትናንት ወዲያ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ከመስኮቱ ማዕዘን ትንሽ ይንጠባጠባል፤ ከሱ በቀር የከደንነው ጣራ ይዟል። ግድግዳውን በበጋ እናየዋለን ብሏል አናጺው። አማችዎ ሲሰሙ እንደሚቆጡ እሰጋለሁ። ለልጅዎ የተለየ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ እሷንም ማስቀየሜ ይከነክነኛል። እርስዎ ሲገቡ ደግሞ ወደ እናቴ ለመሄድ ፈቃድ እጠይቅዎታለሁ። ለእናቴ እመጣለሁ ብዬ መንገደኛ ከመላኬ በፊት ግን የእርስዎን መግባት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ቤቱ ባዶ እንዳይሆን የሚከለክለኝ ወረቀት ስለሌለ፣ ትናንት በሩን ቆልፌ እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ጉዳይ አልነበረኝም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሰው ሲወርድ አየሁና በእግሬ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። የሚመጡበትን ቀን ይጻፉልኝ። ባይጽፉልኝም ከእሑድ ጀምሮ የከሰዓቱን አውቶቡስ ወጥቼ እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ቤት ጠባቂዎ